«ላይክ አለ፣ ገዢ የለም» ላለችው እህታችን፣ ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ የተሰጠ መልስ

ሰላም እህቴ። በድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የልጆች ልብስ መደብር ከከፈትሽ ሰባት ወር እንደሆነሽ፣ በፌስቡክ ገጽሽና በቴሌግራም ቻናልሽ የምትለጥፊያቸው ፎቶዎች ብዙ ላይክ ቢያገኙም ወደ መደብሩ የሚመጣው ሰው ጥቂት እንደሆነ፣ ገጹንም በወር ሦስት ሺህ ብር ለሚያስተዳድርልሽ ልጅ ብትሰጪው ይሻል እንደሆነ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች ስለ ፎቶ ጥራትና በየቀኑ ስለመለጠፍ በቂ ስለተናገሩ እሱን አልደግመውም። እኔ እዚሁ ድሬዳዋ፣ በታይዋን ገበያ አካባቢ የሴቶች ልብስ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ፤ ጥያቄሽን ሳነብ በ2014 ዓ.ም. የደረሰብኝን ነገር ሌላ ሰው የጻፈልኝ ስለመሰለኝ፣ የአንቺም ችግር ከእኔው ጋር አንድ ነው ብዬ ወስጄዋለሁ። በድሬ አንቱታ ብዙም ስለማይዘወተር «አንቺ» ማለቴን እንደ ድፍረት አትቁጠሪብኝ።

1. ላይኩን ከመቁጠርሽ በፊት ላይክ ያደረገው ሰው የት እንደሚኖር ተመልከቺ። ተከታዮችሽ በየትኛው ከተማና አገር እንዳሉ፣ በዕድሜና በፆታ እንዴት እንደሚከፋፈሉ የሚያሳይ ክፍል በገጽሽ ዳሽቦርድ ውስጥ አለ። እኔ ገጼን ከከፈትኩ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ይህን ክፍል አንድ ቀን እንኳ ነክቼው አላውቅም ነበር። በመጨረሻ ስከፍተው፣ ከስድስት ሺህ ተከታዮቼ መካከል የድሬዳዋ ነዋሪዎቹ ከአምስት አንድ እጅ አይሞሉም። የቀሩት አዲስ አበባ፣ ጅዳ፣ ሪያድና ዱባይ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ክፋት የለባቸውም፤ አገራቸው ናፍቋቸው ፎቶውን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፣ ልብ ይልካሉ፤ ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ተሳፍረው ታይዋን አይመጡም። ይህ የሆነው ማስታወቂያዬን ቡስት እንዲያደርግልኝ (በክፍያ ለብዙ ሰው እንዲያሳይልኝ) የከፈልኩት ልጅ፣ ማስታወቂያው የሚታይበትን ቦታ መላው ኢትዮጵያና የዓረብ አገሮች ብሎ ስለሞላው ነው። አንድን ከተማ ብቻ መርጦ በዙሪያው ስንት ኪሎ ሜትር ድረስ እንደሚታይ መወሰን እንደሚቻል እሱ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ብዙዎቻችን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ስለሌለን በሰው በኩል እናስከፍላለን፤ ያ ሰው ደግሞ ሥራውን የሚያስመሰክረው በላይክ ብዛት ስለሆነ፣ ላይኩ ከየት እንደመጣ ግድ አይሰጠውም።

2. የሚያመሰግንሽን ትተሽ የሚጠይቅሽንና የሚነቅፍሽን መዝግቢ። ገንዘቤ የጠፋው እዚህ ላይ ስለሆነ ይህኛው ይረዝማል፤ ታገሺኝ።

በ2014 ዓ.ም. ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ዕቃ የሚያቀብለኝ ነጋዴ የአንድ ረጅም ቀሚስ ፎቶ ላከልኝ። ቀለሙ ያማረ፣ አንገቱና እጅጌው ላይ የሚያብረቀርቅ ጥልፍ ያለበት ነበር። ፎቶውን በገጼ ለጥፌ «ለዒድ ላስመጣላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። እስከ ማግስቱ ድረስ 412 ላይክና ከስልሳ የሚበልጡ አስተያየቶች ደረሱኝ፤ አብዛኞቹ «ማሻአላህ»፣ «ያምራል»፣ «ዋው» የሚሉ ነበሩ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል አንዲት ሴት ብቻ «ይህ ፖሊስተር ነው። ላብ አይመጥጥም። በዚህ ሙቀት ድሬ ውስጥ ማን ይለብሰዋል?» ብላ ጻፈች። እኔም ስሜን ልታጠፋ የመጣች ተፎካካሪ ናት ብዬ አስተያየቷን አጠፋሁት፤ ያም አልበቃኝ ብሎ እሷንም ብሎክ አደረግኳት። ያን ዕለት ምሽት ለባለቤቴ «ምቀኛ እንኳ አፈራሁ» ብዬ በኩራት እንደነገርኩት አስታውሳለሁ።

አንዱን ቀሚስ በ850 ብር ሒሳብ 160 ቀሚስ፣ በድምሩ 136,000 ብር ከፍዬ አስመጣሁ። ወቅቱ ሙቀቱ የሚበረታበት ሚያዝያ ነበር። ሴቶቹ ወደ መደብሩ መጥተው ቀሚሱን ከሩቅ ያደንቁታል፣ ቀርበው ጨርቁን በሁለት ጣታቸው አሸት ያደርጉታል፣ ከዚያም ምንም ሳይናገሩ ወደ ቦታው ይመልሱትና ከጎኑ የተሰቀለውን፣ ሽቲ የሚባለውን ስስ የጥጥ ቀሚስ ዋጋ ይጠይቃሉ። ይህን ከሃያ ጊዜ በላይ ቆሜ አይቻለሁ፤ ግን ያቺ ሴት የጻፈችው ነገር ያን ጊዜም ትዝ አላለኝም። ዒድ ሲያልፍ የተሸጡት 38 ቀሚሶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱን እንኳ በ1,100 ብር የሸጥኳቸው ለሠርግ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው።

የቀረውን ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ። ሐረር ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ አየሯ የቀዘቀዘ ከተማ ናት። ቀሚሶቹን በከረጢት አስሬ፣ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ፣ ሐረርና አወዳይ ላሉ ነጋዴዎች 111 ቀሚስ በ600 ብር አራገፍኩ። አሥራ አንዱ መደርደሪያዬ ላይ ቀሩ። የ38ቱን ትርፍ ከኪሳራው ጋር ሳቻችለው፣ ትራንስፖርቱን ሳልቆጥር 27,600 ብር ከኪሴ ወጥቷል። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ አስተያየት ላለመስማት ብዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ያቺን ሴት ብሎክ ካደረግኳቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ፈልጌ አወጣኋትና ይቅርታ ጠየቅኳት። መልሷ የሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ነበር። መጋላ ሰፈር ውስጥ የምትሰፋ ልብስ ሰፊ ናት። «እኔ እኮ ልገዛሽ ፈልጌ ነው፤ ያንኑ ቅርፅ በጥጥ ብታመጪው ብዬ ነው የጻፍኩት» አለችኝ። ያን ቀን መደብሩን ዘግቼ ቤቴ ገባሁ። ዛሬ አዲስ ጨርቅ ከማዘዜ በፊት ናሙናውን የማሳየው ለእሷ ነው፤ እሷም እስከ ዛሬ ድረስ በገጼ ላይ በግልጽ ትነቅፈኛለች፣ እኔም በግልጽ እመልስላታለሁ፤ ሌሎቹ ደንበኞች የሁለታችንን ክርክር እንደ ማስታወቂያ ሳይቆጥሩት አልቀሩም።

በመደርደሪያው ሥር አንድ ደብተር አለኝ። በየሳምንቱ ከአስተያየቱና ከመልእክቱ ውስጥ ዋጋ የጠየቀውን፣ ልክ የጠየቀውን፣ ሌላ ቀለም የፈለገውንና የተማረረውን ለይቼ እጽፋለሁ። «ያምራል» የሚለውን አልጽፍም። በዚህ መንገድ የተገነዘብኩት የመጀመሪያው ነገር፣ ሰፋ ያለ ልክ የሚጠይቁት ሴቶች እኔ ከገመትኩት እጅግ የሚበዙ መሆናቸውን ነው፤ ሻጩ የሚልክልኝ ደግሞ ቀጫጭን ልክ ነበር። ልኩን ካስተካከልኩ በኋላ ያስመጣሁት የጥጥ ሽቲ በአሥራ ሁለት ቀን አለቀ። እዚያው አካባቢ ያሉ ነጋዴዎች ምሥጢሩን ሲጠይቁኝ ደብተሩን አሳይቻቸው ሳቁ። ይሳቁ።

3. ገጽሽን ከተማውን ለማያውቅ ሰው አትስጪ። በዚያን ጊዜ ገጼን ከአዲስ አበባ ሆኖ የሚከታተልልኝ የእህቴ ልጅ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጽሑፉም ያምራል፤ «ውድና የተከበራችሁ ደንበኞቻችን» ብሎ ይጀምራል። ከእለታት አንድ ቀን የቆዩ አስተያየቶችን ሳገላብጥ፣ መልስ ያልተሰጣቸው ዘጠኝ «ሜቃ» የሚሉ ጽሑፎች አገኘሁ። ልጁን ስጠይቀው የሰው ስም መስሎት ነበር! የድሬ ልጅ እንደመሆንሽ መጠን «ሜቃ» በኦሮምኛም በሱማልኛም «ስንት ነው?» ማለት እንደሆነ ለአንቺ አላስረዳም፤ ዘጠኝ ሰው ገንዘብ ይዞ ዋጋ ሲጠይቅ ዝም ተባለ ማለት ነው። ደግሞስ ለምን ይጠይቃሉ? ዋጋውን አንጽፍም ነበር። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ልማድ ከሌሎች ገጾች ቀድተን፣ ሰዉን በየግሉ ስናስለምን ነበር። አሁን ዋጋውን፣ ልኩንና የመደብሩን ምልክት ከፎቶው ሥር እጽፋለሁ፤ በአማርኛ ለጻፈልኝ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ለጻፈልኝ በኦሮምኛ እመልሳለሁ፤ ሱማልኛዬ ደካማ ስለሆነ ከጎኔ ያለችው ጎረቤቴ በድምፅ ትመልስልኛለች። ብዙ ደንበኛ መጻፍ ስለማይወድ ድምፅ ይልካል፤ ድምፅ ለላከ ሰው በድምፅ መመለስ ይገባል።

የእህቴ ልጅ ሌላው ስሕተቱ ሰዓቱ ነበር። ቢሮ እንደገባ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይለጥፋል። እዚህ ግን ከስድስት ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ ሰዉ ምሳውን በልቶ ቬንትሌተር ሥር ጋደም ሲል ነው ስልኩን የሚያነሣው። በእኔ ገጽ መልእክት የሚበዛው ከስምንት እስከ አሥር ሰዓትና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው። በቴሌግራም ደግሞ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ስንት ሰው እንዳየው ስለሚታይ፣ ለሁለት ሳምንት ሰዓቱን እየለዋወጥሽ ብትለጥፊ የራስሽን ሰዓት ታገኚዋለሽ።

አራተኛው ምክር ስለ ቁጥር መኩራራት ነው፤ እሱም ወደ ሌላ ምሬት ይወስደኛል። ስሙን የማልጽፈው አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ገቢዬ ሊያነጋግረኝ ጠራኝ። ባለሙያው ከወንበሩ ቀና እንኳ ሳይል ስልኩን አውጥቶ ገጼን ከፈተና «ስድስት ሺህ ሰው እየተከተለሽ በቀን ይህን ያህል ብቻ ሸጥኩ ትያለሽ?» አለኝ። አብዛኞቹ ጅዳና ሪያድ እንደሚኖሩ ላስረዳው ስሞክር «ሰዓቴን አትብዪብኝ» ብሎ በሩን አሳየኝ። በሁለተኛው ቀጠሮ የተከታዮቼን ከተማ የሚያሳየውን ገጽ አሳትሜ ከሽያጭ ደረሰኞቼ ጋር ይዤ ሄድኩ፤ ዕድሌ ሆኖ ሌላ ባለሙያ ተቀብላኝ በትዕግሥት ተመልክታ ነገሩን አስተካከለችው። ከዚያ ወዲህ ያን ገጽ በየሦስት ወሩ አሳትሜ አስቀምጣለሁ። አንቺም አስቀምጪ፤ «ከአሥር ሺህ በላይ ተከታዮች ያሉት መደብር» ብለሽም በራስሽ ላይ አትመስክሪ።

የስልክ ቁጥር ጉዳይም አለ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለአምስት ወር ያህል ተገድበው በነበረበት ጊዜ፣ ገደቡን የሚያልፈውን ቪፒኤን የማያውቀው ደንበኛዬ በሙሉ በአንድ ጊዜ ከዓይኔ ተሰወረ። እኔን ያተረፈኝ ደብተሩ ላይ የገዢዎችን ስልክና ሰፈር በፈቃዳቸው መጻፍ መጀመሬ ነው፤ ቁጥራቸው ሁለት መቶ አይሞላም ነበር፣ ግን አዲስ ዕቃ ሲገባ እየደወልኩ ወይም አጭር መልእክት እየላክሁ ወራቱን አለፍኩ። ሰፈራቸውን መጻፌም ጠቀመኝ፤ ሥራ ከዚራ የሚውሉት ሴቶች የሚመርጡትና ገንደ ቆሬ ያሉት የሚመርጡት ቀለም የተለያየ መሆኑን ላይክ ሳይሆን ደብተሩ ነው የነገረኝ።

ወደ መጨረሻው ጥያቄሽ ልመለስ። ሦስት ሺህ ብር ለሚጠይቅሽ ልጅ ፎቶ ማንሣቱንና መለጠፉን ስጪው፤ አስተያየትና መልእክት መመለሱን ግን ከእጅሽ አታውጪ፤ ቢያንስ ለመጀመሪያው ዓመት። የገጹ ሙሉ ቁጥጥር በአንቺ አካውንት ሥር ይሁን፤ ለልጁ የሥራ ድርሻ ብቻ ይሰጠው፤ ካልሆነ በተጣላችሁ ቀን ገጹን ይዞት ይሄዳል። ቡስት የምታስደርጊ ከሆነ ክፍያውን ከመስጠትሽ በፊት ቦታው ላይ «ድሬዳዋ» መጻፉን በዓይንሽ እይ። ተሳዳቢ ከመጣብሽ አስተያየቱን ደብቂው፤ ስትደብቂው ለጻፈው ሰውና ለጓደኞቹ ይታያል፣ ለሌላው ግን አይታይም። ስለ ዕቃሽ የተናገረውን ግን፣ ቃሉ ቢጎመዝዝም አትንኪው። የልጆች ልብስ ስለሆነም እናቶች «ለስንት ዓመት ነው?» ብለው ደጋግመው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ዕድሜውን ብቻ ሳይሆን የልብሱን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ለክተሽ ከፎቶው ሥር ጻፊ።

ዛሬ ማታ የተከታዮችሽን ከተማ የሚያሳየውን ገጽ ፎቶ አንሥተሽ በመልእክት ላኪልኝ፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ አየዋለሁ። አሥራ አንዱ ቀሚሶች አሁንም አሉኝ፤ ከተከታዮችሽ ውስጥ የሐረር ሰው በዝቶ ካገኘሽ እሱንም ንገሪኝ።