ድንቹ ውስጥ መብራት አለ ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ ከአዳማ ነው የምጽፍላችሁ። ልጄ 6ኛ ክፍል ነው፣ ለሳይንስ ኤግዚቢሽን ብሎ ለወጥ ያስቀመጥኩትን ድንች ሚስማርና ሽቦ ሰካክቶበት ትንሽዬ ቀይ መብራት አበራ። ደስ አለኝ አልዋሽም፣ ግን ከዛን ቀን ጀምሮ መብራት በጠፋ ቁጥር «እማ ድንች ግዢና ስልክሽን ቻርጅ ላርግልሽ» እያለ አስቸገረኝ። የምር ይሠራል? መብራቱስ ድንቹ ውስጥ ከየት መጣ? ደሞ ሚስማሩን ነቅዬ ድንቹን ብቀቅለው ችግር አለው? እስካሁን አልጣልኩትም።

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምርና፣ እህቴ ጣይው! ልጆቹ መቼም የሚሰኩት የቆርቆሮ ሚስማር ነው፣ እሱ ደሞ ላዩ በዚንክ የተለበጠ ነው፣ ያ ዚንክ እየሟሟ ድንቹ ውስጥ ገብቷል። ሌላው ጥያቄሽም እግረ መንገዱን ተመለሰ፣ ምክንያቱም መብራቱ የመጣው ከዛው ከሚሟሟው ዚንክ ነው። ዚንኩ ሲሟሟ ኤሌክትሮን ይለቃል (ኤሌክትሪክ የምንለው የሱን ጉዞ ነው)፣ ኤሌክትሮኑ በሽቦው ዞሮ በሌላ በኩል ድንቹ ላይ ወደተሰካው መዳብ ይሄዳል፣ ድንቹ መሃል ላይ ሆኖ እርጥበትና አሲድ ከማቅረብ ሌላ ሥራ የለውም። ጣሊያናዊው ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 የመጀመሪያውን ባትሪ ሲሠራ ድንች አላስፈለገውም፣ በጨው ውሃ የራሰ ካርቶን በቅቶታል።

ስልኩን በተመለከተ እስቲ እናስላው። አንድ ድንች 0.9 ቮልት አካባቢ ይሰጣል፣ ስለዚህ ሦስቱን ብትቀጣጥይ ቀይዋ መብራት ትበራለች፣ ጉልበቱ ግን 1 ሚሊዋት እንኳን መሙላቱ ያጠራጥራል። ተራ ቻርጀር 5 ዋት ነው። ለድንቹ አድልተን 1 ሚሊዋት ብንሰጠው እንኳን 5,000 ድንች ያስፈልጋል፣ ኪሎው አስር ፍሬ ከሆነ 5 ኩንታል ማለት ነው፣ ለአንድ ስልክ! በነገራችን ላይ የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ድንቹን 8 ደቂቃ ቀቅለው ሲሞክሩት ጉልበቱ እስከ 10 እጥፍ ጨምሯል፣ ሲቀቀል ውስጡ ስለሚፈርስ ለኤሌክትሪኩ መንገድ ይለቃል። እሺ 50 ኪሎ በለው።

ግን ልጅሽን ተስፋ አታስቆርጪው፣ ሕይወት ካለው ነገር የምር ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ባትሪ አለ፣ ሠራተኞቹ ባክቴሪያዎች ናቸው። እኛ የበላነውን ምግብ ስናቃጥል ኤሌክትሮኑን መጨረሻ ላይ የሚረከበን የምንተነፍሰው ኦክስጅን ነው። ጭቃ ውስጥ ግን ኦክስጅን የለም፣ ስለዚህ ጂኦባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ኤሌክትሮኑን ዝገት ላይ ይጥላል፣ ዝገቱን ይተነፍሰዋል በይው። በዝገቱ ፋንታ ካርቦን ብታስቀምጪለት እዛ ላይ ይጥልልሻል፣ ያንን በሽቦ መቀበል ነው። ይሄ ዘር መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1987 ዋሽንግተን አጠገብ ከፖቶማክ ወንዝ ጭቃ ነው፣ ዲሲ ያላችሁ አንባቢዎች ዳር ዳሩን ስትንሸራሸሩ አስታውሱት። ሐሳቡ ራሱ ግን ያረጀ ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ ፖተር የሚባል የደርሃም ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1911 ከእርሾና ከባክቴሪያ ኤሌክትሪክ አውጥቷል።

ከሁሉም እኔን የሚገርመኝ የእንግሊዝ ብሪስቶል ተመራማሪዎች ሥራ ነው። ባክቴሪያዎቹን የሚቀልቧቸው በሽንት ነው! እ.ኤ.አ. በ2013 በሽንት ብቻ ሞባይል ቻርጅ አርገው ቴክስት ላኩበት፣ አጭር ስልክም ደወሉበት፣ በኋላ ደሞ ኡጋንዳ ኪሶሮ ወስደውት የአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ማታ ማታ በዛው በሽንቱ እንዲበራ አረጉ። ከባዮጋዝ ጋር እንዳታምታቺው ብቻ፣ ባዮጋዝ ጋዝ አጠራቅሞ ማንደድ ነው፣ እዚህ የሚነድ ነገር የለም።

ለሚቀጥለው ኤግዚቢሽን እንግዲህ የወንዝ ዳር ጥቁር ጭቃ በጆግ ሞልቶ ትንሽ ውሃ ያርግበት፣ በሁለቱም ጫፍ የተቀረጹ ሁለት እርሳሶች ይውሰድ፣ አንዱን ጭቃው ውስጥ ይቅበረው፣ ሌላውን ከላይ ውሃው ላይ ያንሳፍፈው፣ የየእርሳሱን አንድ ጥቁር ጫፍ በሽቦ ይያዘው (የሽቦው መዳብ ጭቃና ውሃ እንዳይነካ በደንብ ይሸፍነው)፣ ከዛ አንድ ሁለት ሳምንት ታግሶ በቴስተር ይለካ። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ካርቦን ስለሆነ የሚሟሟ ዚንክ የለም፣ ቴስተሩ ጥቂት መቶ ሚሊቮልት ካሳየው የጭቃው ሥራ ነው። ድንችሽም ለወጥ ይተርፍልሻል።