መልስ፦ ልጅ የሌለው ሰው ስሙ በምን ይቀራል?

ወንድም ዓለም፣ «ልጅ ያልወለድኩ አናጺ ነኝ፤ ስሜ በምን ይቀራል?» ማለትህ ልቤን ነካው። ስም መመኘት ነውር አይደለም፤ አፄ ፋሲልም ተመኝተው ይሆናል፣ ግንባቸው ዛሬም እዚህ ጎንደር በስማቸው ይጠራል። እኔን የሚገርመኝ ግን እዚሁ ጎንደር ያለው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣሪያውን ቀና ብለህ ስታይ ትልልቅ ዓይን ያላቸው ክንፋም የመላእክት ፊቶች በረድፍ በረድፍ ቁልቁል ያዩሃል። በ1888 እ.ኤ.አ. ከሱዳን የመጡት ድርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ይህ ቤተ ክርስቲያን ተረፈ፤ የንብ መንጋ ጠበቀው ይባላል። የሠዓሊውን ስም ሳያውቅ ስንቱ ምእመን ከሥሩ ቆሞ ጸልዮአል! የጣሪያውን እንጨት የጠረበውማ እንዳንተው አናጺ ነበር። ስም ቢረሳም ሥራና ሙያ ይቀራል፤ ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳትል ከሰፈርህ አንድ ጎረምሳ ተለማማጅ አድርገህ ያዝ፤ መጋዝ አያያዙን ብቻ ሳይሆን እንጨት አመራረጡንም አሳየው።