ጥናቱን ለመምህራኑ እንዴት ላድርስ? ላልሽው

እህቴ፣ ስለ ሕፃናት እድገት ያገኘሽውን ጥናት ኮፒ አድርገሽ ደሴ ላሉ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ላድል ወይ ብለሻል። ተይው፣ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው። አንድ ግኝት ብቻ ያዢና ክፍል ግቢ። እኔ የአሜሪካዊቷን የትምህርት ተመራማሪ የሜሪ ባድ ሮውን ግኝት ይዤ ሄድኩ። መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ገደማ ነው፤ 3 ሰከንድ ሲታገሡ የልጆች መልስ ይረዝማል። ጥናቷ በአሜሪካ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተሠራ መሆኑን ግን አልደበቅኳቸውም።

ሆጤ አካባቢ አንዲት መምህርት "ጭቃው ለምን ደረቀ?" ብላ በሆዷ እስከ 3 ቆጠረች። ጥግ ላይ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ "ፀሐይ ጠጣችው" አለች! የጥናቱን ወረቀት ያኔ መምህርቷ ራሷ ጠየቀችኝ።

ደግሞ ቅዳሜያቸውን አትውሰጂባቸው፤ የሻይ ሰዓት ይበቃል። መጀመሪያ ምን እንደከበዳቸው ጠይቂያቸው።