የልጄ ሐሞት ሆዱ ውስጥ ፈሰሰ ተባልኩ፤ ሳይከፈት ይድናል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ9 ዓመት ልጄ ከብስክሌት ሲወድቅ መሪው ሆዱን መታው። ጉበቱ ተሰንጥቋል ተብሎ ተኛ። ደሙ በራሱ ቆመ ሲሉን ደስ አለን። በሳምንቱ ግን ሆዱ ተነፋ፣ አተኮሰው። በቱቦ ሲቀዳ አረንጓዴ ፈሳሽ ወጣ። አሁን አዲስ አበባ ሪፈር ተብለን «በአፉ ገብተን ስቴንት እናስገባለን» አሉን። ሆዱ ሳይከፈት የተቀደደው እንዴት ይዘጋል? (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ ሰው ሲፈራ «ሐሞቴ ፈሰሰ» ይላል። የልጅዎ ግን የእውነት ፈስሷል። ሳምንቱን ደህና መምሰሉ አይግረምዎት፤ ሐሞት ቀስ እያለ ነው የሚጠራቀመው።

ሐሞት ከጉበት በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል። መውጫው ላይ የሚጠብቅና የሚላላ ጡንቻ አለ። ሲጠብቅ ሐሞቱ መሄጃ ያጣና በተቀደደው በኩል ወደ ሆድ ይፈስሳል።

ሕክምናው ኢአርሲፒ ይባላል። ልጁ በሰመመን ይተኛል። ሐኪሙ ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ በአፉ አስገብቶ፣ ጨጓራን አልፎ እስከ መውጫው ያደርሳል። ቀለም ረጭቶ የሚያፈሰውን ቦታ በራጅ ያያል። ከዚያ ስቴንት የሚባለውን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ያስገባል። ብዙ ሰው ስቴንቱ ቀዳዳውን የሚደፍን ይመስለዋል። ዋና ሥራው ግን መውጫውን ክፍት ማድረግ ነው። ሐሞቱ ወደ አንጀት ከሄደለት የተቀደደው ቦታ ያርፋል፣ ራሱም ይሽራል። ዋናው ቱቦ ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ ግን ስቴንት አይበቃም፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል።

ጣጣ የለውም አልልዎትም። ቆሽቱ ሊቆጣ ወይም የተሠራበት ቦታ ሊደማ ይችላል። ልጆች ላይ የሠራ ሐኪም ይሥራለት። በአገራችን ይህን የሚሠሩ ቦታዎች ጥቂት ስለሆኑ ሪፈሩ ትክክል ነው።

እስከዚያው ያቺን የሆዱ ፈሳሽ በቱቦ የሚወርድባትን፣ ከሆዱ ጎን የተንጠለጠለች ከረጢት ልብ ይበሉ። በቀን ስንት ሚሊ ሊትር እንደወጣ ይጻፉ። ስቴንቱ ከገባ በኋላ መጠኑ እያነሰ መሄድ አለበት። ከረጢቷ ባዶ ሆና ሆዱ ከተነፋ ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ነርሷን ይጥሩ።

ስቴንቱ እንደ ሁኔታው ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ይወጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ልጁ መሮጥ ሲጀምር ቀጠሮው ይረሳል። ስቴንቱ ከቆየ ይደፈንና ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት፣ የዐይን ቢጫ መሆን ይዞ ይመጣል። ከሆስፒታል ሲወጡ የሚወጣበትን ቀን አስጽፈው ይያዙ።