የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ፀረ አረም በቅጠል ውስጥ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ማሳው አትራዚን የተባለው ፀረ አረም ከተረጨ በኋላ ሰፊ ቅጠል ያላቸው ተክሎች ቢጫ ሆኑ። የናይትሮጅን እጥረት ከሆነ ማዳበሪያ ብጨምርስ?

መልስ፦ ማዳበሪያው አይረዳም፤ ቢጫነቱ ይመሳሰል እንጂ መነሻው ሌላ ነው። ናይትሮጅን ያጠረው ተክል ከአሮጌ ቅጠሎቹ እየወሰደ ለአዲሶቹ ስለሚያቀብል የታችኛው ቅጠል በሙሉ ቀስ በቀስ ይገረጣል። አትራዚን ግን በሥር ገብቶ ከውኃ ጋር ወደ ላይ ይወጣና በቅጠሉ ጠርዝ ስለሚጠራቀም፣ ቢጫነቱ ከጠርዙ ተነሥቶ በጅማቶቹ መካከል ወዳለው ክፍል ይዘልቃል።

በክሎሮፕላስት (በብርሃን ምግብ በሚሠራው የቅጠል ሴል ክፍል) ውስጥ አትራዚን ዲ-1 በሚባለው ፕሮቲን ላይ የኤሌክትሮን ተቀባዩን ቦታ ስለሚይዝ በብርሃን የተነሣው ኤሌክትሮን መሄጃ ያጣል። ብዙዎች ተክሉ በረሀብ የሚሞት ይመስላቸዋል፤ ስኳር ማምረቱ መቆሙም እውነት ነው። ቀድሞ የሚገድለው ግን ክሎሮፊሉ (ብርሃን የሚቀበለው አረንጓዴ ቀለም) ሊያስተላልፈው ያልቻለው ጉልበት ነው፤ ይህ ጉልበት ተራውን ኦክስጅን ወደ ጎጂ ዓይነት ይለውጠዋል፣ እርሱም የሴሉን ሽፋን ያበላሻል። በቆሎ የሚተርፈው አትራዚንን ግሉታቲዮን ከተባለ ውህድ ጋር አጣምሮ ስለሚያከሽፈው ነው።

ጥያቄ፦ ፓራኳት የተባለው ፀረ አረም በፀሐያማ ቀን ለምን ይፈጥናል?

መልስ፦ ብርሃን የሚያንቀሳቅሰውን ኤሌክትሮን ነጥቆ ለኦክስጅን በመስጠት ኦክስጅኑን ጎጂ ስለሚያደርገው ነው። ሰጥቶ ሲጨርስ ወደ ቀድሞ መልኩ ተመልሶ ሌላ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ ብርሃን በሌለበት የሚነጥቀው እምብዛም አያገኝም።

ጥያቄ፦ ግላይፎሴት የተክሉን ማዕድን ይነጥቃል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ከፊሉ እውነት ነው። ግላይፎሴት ከካልሲየም፣ ከብረትና ከማንጋኒዝ ጋር ይተሳሰራል፤ ፀረ አረምነቱ እ.ኤ.አ. በ1970 ከመታወቁ በፊት በ1964 የማዕድን ማሰሪያ ሆኖ የፈጠራ መብት ተሰጥቶት ነበር። በካልሲየም የበለጸገ ውኃ ሲበጠበጥ የሚደክመውም በዚሁ ምክንያት ነው። አረሙን የሚገድለው ግን አሚኖ አሲዶችን በሚሠራ አንድ ኢንዛይም ላይ ስለሚያርፍ ነው። አንዳንድ ሙከራዎች በሰብል ቅጠል የማንጋኒዝ መቀነስ ቢያሳዩም ሌሎች አላገኙም፤ በሄክታር የሚረጨው መጠን ከአፈሩ ማዕድን አንጻር ጥቂት ስለሆነ እኔ ስጋቱ የተጋነነ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ የናይትሮጅን አጠቃቀምን በቀጥታ የሚያውክስ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ግሉፎሲኔት። አሞኒያን (ናይትሮጅን ያለበትን ውህድ) ግሉታሚን ወደተባለ አሚኖ አሲድ የሚለውጠውን ኢንዛይም ስለሚያግድ ተክሉ ናይትሮጅን እያለው ሊጠቀምበት ሳይችል አሞኒያው በቅጠሉ ውስጥ ይጠራቀማል። ጉዳቱ በብርሃን ይበረታል፤ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ የተረጨ ግሉፎሲኔት ደካማ ውጤት የሚሰጠውም ለዚህ ነው።