ሰላዩ በአንድ ምሽት ታመነ

ጥያቄ፦
ለአምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ። የሽብር ቡድን ውስጥ ሰርጎ ስለሚገባ ሰላይ ልብወለድ ጽፌ ረቂቁን ለስድስት አንባቢዎች ሰጠሁ። አስተያየታቸው አልገጠመም። ሦስቱ «መሀሉ ይጎትታል፣ ተኩስ ጨምርበት» አሉ። ሁለቱ ደግሞ ሰላዩ ምዕራፍ 4 ላይ አንድ የቡድኑን አባል ከፖሊስ አስጥሎ በዚያው ምሽት መታመኑ አልተዋጠላቸውም። አንዷ «መሪው ሲዝት እንጂ ሲኖር አላየሁትም» አለች። የማንን ልያዝ?
ረቂቁ ያስጨነቀው

መልስ፦
የሁለቱን ይያዙ፤ ሦስቱን ያሰለቻቸውም ያው ምዕራፍ 4 ነው። ሰላዩ በአንድ ምሽት ከታመነ አንባቢም «ይያዝ ይሆን?» ማለቱን ይተዋል። ከዚያ ወዲያ ተኩስ ቢጨምሩ ጩኸት ብቻ ነው። አንባቢ የት ላይ እንደሰለቸው ሲነግርዎ ይመኑት፤ ምን ይጨመር ሲል ግን ቶሎ አይታዘዙት።

እንዲህ ያሉ ቡድኖች በር የሚከፍቱት ለጀግና ሳይሆን ዋስ ላለው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሾልኮ የወጣው የአይኤስ መመዝገቢያ ቅጽ 23 ጥያቄዎች ነበሩት፤ ምልምሉ ከደም ዓይነቱ ጋር ማን እንደመሰከረለትም ይሞላ ነበር። እናም ምዕራፍ 4ን ያፍርሱት። ሰላዩን ከልቡ የወደደ፣ በቡድኑ የተከበረ ሰው ዋስ ይሁነው። ሰላዩ የተነቃበት ዕለት ቀድሞ የሚጠየቀው ይህ ሰው ነው፤ ስለዚህ የሚያቀብለው እያንዳንዱ መረጃ ወዳጁን ወደ ሞት ይገፋል።

መታመኑን ቢያንስ በሦስት ምዕራፎች ያዝግሙት። መጀመሪያ ጥቃቅን መላላክ ይምጣ፦ ዕቃ ማድረስ፣ ቤት መከራየት። ቀጥሎ አንዱን ጥያቄ የተለያዩ ሰዎች በሳምንታት ልዩነት ይጠይቁት፤ መልሱ ቢዛነፍ ያስጠረጥረዋል፣ ቃል በቃል አንድ ቢሆንም የተጠና ይመስላል። በመጨረሻ ለእሱ ብቻ የተነገረ የጥቃት ቀጠሮ ይስጡት። አሳልፎ ፖሊስ ከደረሰ ይነቃበታል። አሰማሪዎቹ «ፈተና ነው» ብለው ዝም ቢሉና ቀጠሮው እውነት ቢሆን ደግሞ ሰው ያልቃል። የረቂቁ ምርጥ ምዕራፍ ይህ ሊሆን ይችላል፤ አይቸኩሉበት። ሰላይ ባለበት ቡድን ሰው መገደሉ በእውነትም ሆኗል፦ የሩሲያ ምስጢራዊ ፖሊስ ተከፋይ የነበረው ዬቭኖ አዜፍ የሶሻሊስት አብዮተኞች የተባለውን ፓርቲ የግድያ ክንፍ ይመራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1904 የአገር ውስጥ ሚኒስትሩን ፕሌቭን የገደለውም ይኸው ክንፍ ነው።

አሰማሪዎቹንም አዋቂ ብቻ አያድርጓቸው፤ ጉጉት ያሳውራል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 2009 በአፍጋኒስታን ኾስት ሲአይኤ በአልቃይዳ ውስጥ ሰላይ ሆነልኝ ብሎ ያመነው ዮርዳኖሳዊ ሐኪም ሳይፈተሽ ጦር ሰፈሩ ገብቶ ራሱን ሲያፈነዳ ሰባት የሲአይኤ ሰዎች ሞቱ።

የመሪው ነገር ቀላል ነው፤ የማይዝትባቸው ሁለት ትዕይንቶች ይበቁታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የማሊዋን ከተማ ቲምቡክቱን ለቅቆ የሸሸው የአልቃይዳ ክንፍ ትቶት የሄደው የሳሙና መግዣ ደረሰኝ ሳይቀር ነበር። የእርስዎም መሪ ደረሰኝ ስለጎደለ ታዛዡን ሲቆጣ ይታይ። (ከዛቻው ይልቅ ይህ ያስፈራል።)

አዲሱን ረቂቅ ለእነዚያው ስድስት አይመልሱት፤ ታሪኩን ያውቁታል። ላላነበቡት ለሁለት ሰዎች ይስጡና «ሰላዩ አሁን ተያዘ» ባሉበት ገጽ ሁሉ ጠርዝ ላይ እንዲያሰምሩ ብቻ ይጠይቋቸው። 40 ገጽ ያለ አንድ መስመር ካለፈ መቀስዎን እዚያ ያሳርፉ።