ሁለቱንም ማስተር ቀይር፣ የፍሬን መብራት ስዊቹን ግን ተጠንቀቅ

ወንድሜ፣ የኤም ጂ ቢህ (የድሮዋ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና) ፍሬን ፔዳል ስትረግጠው ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ የፍሪሲዮኑ ማስተርም (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን በቧንቧ የሚገፋው ሲሊንደር) ያንጠባጥባል። «አንዱን ልቀይር ወይስ ሁለቱንም?» ነው ያልከው። ሁለቱንም! ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት። ያንን ክዳንና ያንን ሁሉ ብሎን አንዴ ከፈታህ በኋላ አንዱን አሮጌ ትተህ ብትዘጋው፣ ብዙም ሳይቆይ እንደገና እዚያው ታጎነብሳለህ። እኔ አጎንብሻለሁ፣ ወገቤ ይመስክር።

አፈታቱን አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ። ያቃጠለኝን ብቻ ልንገርህ።

1. የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። ውሃና ጨርቅ አጠገብህ አድርግ፣ ጠብ ያለውን ወዲያው እጠበው። የእኔ መኪና ከማስተሮቹ ሥር እስከ ዛሬ መዳፍ የሚያህል ራቁት ቆርቆሮ አለ።

2. አዲሱን ማስተር መኪናው ላይ ሳታስረው የቧንቧውን ዳዶ በጣትህ አስገባበት። የእነዚህ መኪኖች የዳዶ ጥርስ በኢንች ነው። 3/8 ኢንች ማለት 9.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ የ10 ሚሊ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ይመስልሃል፣ ስታጠብቀው ግን ጥርሱን በልቶት ይወጣል። ለእኔ የመጣልኝ የተሳሳተው፣ በሚሊ የተሠራው ማስተር ነበር። ሻጩ ጋ ስደውል «ዘይት ነክቶታል፣ አንመልስም» አለኝ። ጠብታ ዘይት አልነካውም! ይህንኑ እያስረዳሁት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ዕቃው አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አለ፣ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

3. ዋናው ይሄ ነው፣ ሌላውን ብትረሳ ይህን አትርሳ። ፔዳሉን ስትለቅ ማስተሩ ውስጥ ያለው ፒስተን እስከ መጨረሻው መመለስ አለበት። ሲመለስ እዚያው ያለችውን ትንሿን ቀዳዳ ይከፍታል፣ ዘይቱ ሞቆ ሲሰፋ ወደ ገንዳው የሚመለሰው በእሷ ነው። እኔ ሁሉን ገጥሜ፣ አየሩን አውጥቼ ስጨርስ የፍሬን መብራቱ ትንሽ ዘግይቶ በራብኝ። የእኔ ላይ ስዊቹ ከፔዳሉ በላይ ነው፣ ሁለት ዙር ወደ ታች አጠበቅኩት። መብራቱ ተስተካከለ፣ ፔዳሉ ግን በፀጉር ልክ ተገፍቶ ቀረ። አላስተዋልኩም።

ነዳሁት። መጀመሪያ ፔዳሉ እየጠነከረ ሲሄድ «አየህ፣ ፍሬን ማለት ይሄ ነው» እያልኩ ጎኔ ለተቀመጠው ጓደኛዬ ጉራዬን ነዛሁ። ቀጥሎ መኪናው ከበደ። ከዚያ ሽታ መጣ። ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዜሮ ባደርገውም ንቅንቅ አልል አለ፣ የፊት ጎማዎቹ አካባቢ እጅ አያስጠጋም። ማስተሩ ላይ ያለውን የቧንቧ ዳዶ ላላ ሳደርገው ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣና ጎማዎቹ ተለቀቁ። ያኔ ማወቅ ነበረብኝ። ግን ሰው እልኸኛ ነው፣ «አዲሱ ማስተር ብልሽ ነው» ብዬ ሌላ ገዝቼ ገጠምኩ። ያው! ሁለተኛ ማስተር፣ አዲስ ሸራ፣ የካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ዕቃ) ጎሚኒ፣ በሙቀት ሰማያዊ የሆነ ዲስክ፣ ሁሉም ለሁለት ዙር ብሎን። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ፔዳሉን በጣቱ ነካ አድርጎ «ይሄ መተንፈሻ የለውም» አለና ስዊቹን መለሰው። ለካ ፔዳሉ ተገፍቶ ስለቀረ ትንሿ ቀዳዳ ተዘግታ፣ የሞቀው ዘይት መመለሻ አጥቶ ፍሬኑን ይዞት ነበር። በቃ።

ስለዚህ ፔዳሉን በጣትህ ስትነካው፣ ከፔዳሉ ወደ ማስተሩ የሚገባው ዘንግ ፒስተኑን ከመግፋቱ በፊት ትንሽ ባዶውን መሄድ አለበት። ባዶ ካልሄደ ከግቢ አትውጣ።

የፍሪሲዮኑ ላይ ደግሞ ዘንጉን ከፔዳሉ ጋር የሚያይዘውን ፒን አውጥተህ እየው። መሃሉ ተበልቶ ወገቡ ከቀጠነ ጣለው፣ አዲስ ማስተር ገጥመህም ማርሽ ሲገባ ይጮህብሃል። አየሩን ከላይ እየረገጥኩ ግማሽ ቀን ታገልኩት፣ አልወጣም። በኋላ ከታችኛው ሲሊንደር (ከማስተሩ የመጣው ዘይት ፍሪሲዮኑን የሚገፋበት) በኩል በመርፌ ሲሪንጅ ዘይት ወደ ላይ ስገፋለት በአሥር ደቂቃ አለቀ። የታችኛውን ጎሚኒም አብረህ ቀይር፣ አዲሱ ማስተር ሲገፋው አሮጌው መፍሰስ ይጀምራል።

የፍሬን ዘይቱ ደረጃ ዶት 4 ይሁን። ሲሊኮኑን ዶት 5 ከሱ ጋር እንዳትቀላቅል፣ «ያው ነው» የሚልህን አትስማ።

ክዳኑን ስትከፍት ስዊቹ ያለበትን ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፈው፣ አይልሃለሁ።